የ«ዘ ሲምፕሰንስ» አራተኛ ምዕራፍ፦ በዲቪዲ ወይስ በዲዝኒ ፕላስ?

እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1993 በአሜሪካው ፎክስ ጣቢያ የተላለፈው ባለ 22 ክፍሉ የአስቂኙ የካርቱን ተከታታይ ፊልም የ«ዘ ሲምፕሰንስ» አራተኛ ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የዲቪዲ እትምም ሆነ በኢንተርኔት የቪዲዮ አገልግሎቱ በዲዝኒ ፕላስ ሊታይ ይችላል።

ዋናው ልዩነት የምስሉ ቅርጽ ነው። ምዕራፉ የተሣለው በዚያ ዘመን ለነበረው ጠበብ ያለ የቴሌቪዥን መስኮት ሲሆን፣ ዲቪዲው ይህንኑ ጠብቆታል። ዲዝኒ ፕላስ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ሲጀምር፣ ምስሉ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ከላይና ከታች በመቁረጡ በጠርዝ ላይ የተሣሉ ቀልዶች ጠፍተው ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሆመር መጠጥ ለማቆም በሚታገልበት ክፍል፣ በተለያየ ስም የሚሸጡት ሦስቱ የዳፍ ቢራዎች ከአንድ ቧንቧ እንደሚቀዱ የሚያሳየው የላይኛው የሥዕሉ ክፍል ነው፤ እርሱ ሲቆረጥ ቀልዱም አብሮ ይሄዳል። ተመልካቾች ቅሬታ ካሰሙ በኋላ፣ ከ2020 ጀምሮ የቀድሞውን ቅርጽ መምረጥ ተችሏል።

ዲዝኒ ፕላስ ማጫወቻ ስለማይጠይቅና ሌሎቹን ምዕራፎችም በአንድ ክፍያ ስለሚያቀርብ ይቀላል። ሆኖም ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው፣ ጸሐፊዎቹና አዘጋጆቹ በእያንዳንዱ የዲቪዲ ክፍል ላይ የሚሰጡት የድምፅ ማብራሪያ ነው፤ አንድ ትዕይንት እንዴት እንደተጻፈ ከሠሩት ሰዎች አንደበት መስማት ትልቅ ትምህርት ነው። በተጨማሪም ማይክል ጃክሰን በድምፁ የተሳተፈበት የሦስተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ክፍል ከዲዝኒ ፕላስ ሲቀር፣ ቀደም ብሎ በተሸጠው የዚያው ምዕራፍ ዲቪዲ ላይ ግን ዛሬም አለ።