የአመሻሹ ኳስ ጥሩ ነው፤ በሩ ግን ቶሎ ይዘጋል

ከሁሉ በፊት የሰፈራችንን የወጣቶች ኳስ ፕሮግራም ሰዓት ላመስግን። ወጣቶችን ከወንጀል እናርቃለን ተብለው የሚከፈቱ ብዙ የስፖርት ፕሮግራሞች የሚሠሩት ለአዘጋጆቹ በሚመች ሰዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባነር ይሰቀላል፣ ማልያ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት ማን ይሰርቃል? ጎረምሳው ገና አልነቃም።

የእህቴን ልጅ ያስመዘገብኩበት የሰፈር ኳስ እንዲህ አይደለም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ፣ እኛ ከሥራ ሳንመለስ ባለችው ክፍተት ይጀምራል። አርብ አርብ ደግሞ እስከ ምሽት ይቆያል። አሳዳጊ የሆነ ሁሉ ያቺን ክፍተት ያውቃታል። አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችም የትምህርት ቀን ሲሆን የታዳጊዎች ጥፋት የሚበዛው ከትምህርት ቤት እንደተለቀቁ ባሉት ሰዓታት መሆኑን አሳይተዋል።

በሰዓት ማሰብ ድሮም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ግሌናርደን በምትባል ከተማ፣ ጂ. ቫን ስታንዲፈር የተባሉ ሰው የእኩለ ሌሊት ቅርጫት ኳስ ጀመሩ። ከ17 እስከ 21 ዓመት ላሉ ወጣቶች ነበር። ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አይጀመርም፤ የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ፖሊሶችም ሜዳው ላይ መታየት አለባቸው። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። በ1994 ግን የአሜሪካ የወንጀል ሕግ ሲረቀቅ የሕዝብ ገንዘብ ማባከኛ ተብሎ የፖለቲከኞች መሳለቂያ ሆነ። ለእኔ ግን ሰውየው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁት፦ ልጁ በየትኛው ሰዓት ነው የሚጠፋው?

ወደኛው ልመለስ። አሰልጣኙን ልጆቹ ኮች ይሉታል። በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ልጅ በእጁ ጨብጦ ያስገባል። ብብቱ ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። አንድ ቀን ፊርማዬን ሲፈልግ ገልጦ ሰጠኝ። መቼስ ዓይን አያርፍም፣ አነበብኩት። ከስሞቹ ጎን የመጣና የቀረ ብቻ አይደለም የተጻፈው። “ታኬታው ጠቦታል።” “ሐሙስ ፈተና አለው።” “ወንድሙ ታሟል፣ ጠይቅ።” የእህቴ ልጅ ጎን ደግሞ “ሲሸነፍ ይነጫነጫል” ይላል። ልክ ነው፣ ይነጫነጫል።

ልጁ የቀረ ቀን ስልኬ ጠራ። “ሰላም ነው እህቴ? ልጁ ዛሬ አልመጣም፣ ደህና ነው ወይ?” እኔ ሜዳ ላይ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የፕሮግራሙ ዋናው ነገር ይሄ ነው እንጂ ኳሱ አይደለም። ኳስ ብቻውን ጨዋ ልጅ አያወጣም፤ አሪፍ ኳስ የሚጫወት ዱርዬ ሞልቷል። ቺካጎ ውስጥ ቢካሚንግ ኤ ማን የሚባለው ፕሮግራም ወንዶች ልጆችን በየሳምንቱ ከአንድ አዋቂ ጋር እየሰበሰበ ያወያያል። በመጀመሪያው ጥናት ወቅት ከትምህርት በኋላ ስፖርትም ነበረው። ፕሮግራሙ እየተካሄደ ሳለ በኃይል ወንጀል መያዝ ወደ ግማሽ ተጠግቶ ቀንሷል። ካበቃ በኋላ ግን ለውጡ እንደዚያው ጎልቶ አልቀጠለም። እና የኛዎቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብረው ሜዳውን የሚዘጉት ለምንድን ነው? ልጆቹ ሥራ ፈተው የሚውሉት እኮ ያኔ ነው!

ለልጆቹ ኃላፊነት መስጠታቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ትንሽ ነው። ናይሮቢ፣ ማታሬ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ቡድኖች አካባቢያቸውን ሲያጸዱ የሊግ ነጥብ ይሰጣል። ጎል ብቻ አይቆጠርም ማለት ነው። ከዚያው የወጣው ማታሬ ዩናይትድ በ2008 የኬንያን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በልቷል። እኛ ጋ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዲዳኙ ይደረጋል። የእህቴ ልጅ ፊሽካ አንገቱ ላይ ካንጠለጠሉለት ወዲህ ቤት ውስጥም ዳኛ ሆኗል፤ ሳህን ያላነሳ ሰው ቢጫ ካርድ ያያል። እኔም አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የተደባደበ ልጅ ይታገዳል፣ ደጋግሞ የቀረ ስሙ ይሰረዛል። ወረቀት ላይ ያምራል። የእህቴ ልጅ ጓደኛ በአንድ ጥፊ ታገደ። አሁን ከአጥሩ ውጪ ግንቡ ላይ ተቀምጦ ያመሻል። አብረውት የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቢሮ ገብቼ ጠየቅኩ። “ደንብ ነው” አሉኝ። ደንቡ የወጣው ለማን ነው? ጭምቱ ልጅ እኮ ፕሮግራሙ ባይኖርም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያጠናል። ሜዳው የተከፈተው ለዚያኛው ነበር። ጨዋታ ይከልከል፣ እሺ። ግን አጥሩ ውስጥ ሆኖ ኳስ ይሰብስብ፣ ውጤት ይመዝግብ፣ ኮች ዓይን ሥር ይዋል። ኮችም በዚህ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ሳነሳበት አንገቱን ደፋ እንጂ አልተከራከረኝም።

ሴቶቹም ተበድለዋል። የሚደርሳቸው የሜዳው ጥግና የቀረው ሰዓት ነው፤ መብራቱ ደግሞ እዚያ ጥግ አይደርስም።

ኮከብ ስጪ ብባል ከአምስት ሦስት ተኩል። ልጁን አላስወጣም፤ እናንተም አስመዝግቡ። ስትሄዱ ግን የታገደ ልጅ የት እንደሚውልና በዕረፍት ጊዜ ማን እንደሚከፍት ጠይቁ፤ ጠያቂ ሲበዛ ምናልባት ይሰሙ ይሆናል። ለምዝገባ አሳዳጊ ራሱ መጥቶ መፈረም አለበት። ማልያ ይሰጣሉ፣ ታኬታ ግን ከቤት ነው።