ለገና ላሊበላ የምትሄዱ ሰዎች፣ ይህን ልጅ ሳትይዙ እንዳትሄዱ

ይህን ምስጋና የገና ማግስት ልጽፈው ነበር። ሥራው፣ ጉንፋኑ፣ ጥምቀቱ ተደራረበና እስካሁን ቆየሁ። ዛሬ ግን እናቴ «ለዚያ ልጅ ጻፍሽለት ወይ?» ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ። አሁንም ካልጻፍኩ እርግማን ሊከተል ነው።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ገናን ላሊበላ ማክበር የድሮ ስለቷ ነው። ካቻምና ይዣት ሄጄ ነበር። ያንን ጉዞ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። አንድ ጉዞ አዘጋጅ ሙሉ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀበለን። «ክፍል ተይዟል፣ አስጎብኚ ተዘጋጅቷል፣ እናንተ መምጣት ብቻ!» ሁለት ቀን በመኪና ተንገላተን ስንደርስ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ብደውል ስልክ አይነሳም። ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ የገናን ዋዜማ መኪና ውስጥ ተኮራምታ አደረች። አስጎብኚ የተባለውም በማግስቱ ለጥቂት ጊዜ ብቅ አለና፣ በዶላር የሚከፍሉ እንግዶች ሲያይ «መጣሁ» ብሎን ሄደ። ይኸው እስካሁን እየመጣ ነው። እናቴ ያን ዓመት ያየችው የሰው ጀርባ ብቻ ነበር። ገንዘባችንም አልተመለሰም። ስማቸውን አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

ዘንድሮ ጎረቤታችን የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠችኝ። እዚያው ላሊበላ ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ «ዲያቆኑ» እለዋለሁ፤ ዲያቆንም ነው። ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ገንዘብ አይደለም። «እናትሽ ደረጃ ይወጣሉ? የሌሊቱን ብርድ ይችሉታል?» ነው ያለኝ። እኔም የካቻምናውን ጉድ አንድ በአንድ ዘረገፍኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ቀብድ እንኳን አልጠየቀም።

አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበለን። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሆቴል የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ቤቱ ወሰደን። ላሊበላዎች ቀንና ሌሊት በእግሩ ተጉዞ ለሚመጣ ምዕመን እግር ማጠብ ወጋቸው ነው። ባለቤቱ የሞቀ ውሃ በሳፋ ይዛ መጣች። እናቴ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች።

«ኧረ አይሆንም ልጄ! እኔ እኮ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። ይኼ የሚገባው በእግሩ ለመጣው ነው።»

ዲያቆኑ ሳቅ አለና «እማማ፣ ካቻምና መኪና ውስጥ ያደሩት ይታሰብልዎታል» አላት።

እናቴ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ እግሯን ሰጠች። እኔ ደግሞ መስኮት መስኮቱን ማየት ያዝኩ።

ሌላ ምንም ባያደርግልን እንኳ ለዚህ ብቻ ይህን ጽሁፍ እጽፍለት ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ወጣን። የበዓል ሰሞን የላሊበላ ገበያ ለብቻው ነው። በጉ፣ ዶሮው፣ ጤፉ፣ በርበሬው፣ ጋቢው፣ ሰዉ። እናቴ ማር ካልገዛሁ አልሄድም አለች። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንብ ስለከበበው ነው ስሙን ያገኘው ይባል የለ? ሻጮቹ ቅመሱ ይላሉ፣ እኛ ጾመኞች ነን፣ ሰዓቱ አልደረሰም። ዲያቆኑም ጾመኛ። ታዲያ ማሩን በስንጥር አንስቶ ወደ ፀሐይ አየና መለሰው። ሁለተኛዋ ጋ እንዲሁ። ሦስተኛዋ ጋ ሲደርስ «ይኼን» አለ። በምን እንዳወቀ እስካሁን አላውቅም። ቤት ገብተን ስንቀምሰው ግን፣ እንዲህ ያለ ማር በልቼ አላውቅም።

አብያተ ክርስቲያናቱን 11ዱንም አላዳረስንም። እሱ ራሱ ነው «እማማን አናድክማቸው» ያለው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ከአፋፉ ላይ ቁጭ ብላ እንድትሳለም አደረጋት። ከአንድ ዓለት ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደተፈለፈለ ደጋግሞ አስረዳኝ። እውነቱን ልናገር፣ አሁንም አልገባኝም።

ዋናው ግን ታኅሣሥ 29 ጠዋት ነበር። ሌሊቱን ሲቀደስ አድሮ ሲነጋ፣ ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ የሚባለው የገና ዝማሬ ይዘመራል። ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚሉት ከፍታ ላይ፣ ግማሾቹ ታች ሆነው ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው ብሎናል። ቀኑ የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን ስለሆነ በዓሉ እዚያ እጥፍ ነው። ሕዝቡ ጠጠር መጣያ የለውም። እኔ ካቻምና ትዝ ብሎኝ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። እሱ ግን ሰዉን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ አሳልፎ ወሰደን። ለካ ባለቤቱ ከማታ ጀምራ ጋቢዋን አንጥፋ ቦታ ይዛልናለች! በዚያ ብርድ! (ይህን ደንቡ ይፍቀድ አይፍቀድ አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም።) እናቴ ተቀምጣ፣ ያለ ማንም ጀርባ፣ ሁሉንም አየች። ከበሮው ሲመታ እጄን ይዛ ነበር፣ እስኪያልቅ አለቀቀችኝም።

ጾሙን የፈታነው እነሱ ቤት ነው። ሂሳብ ስንዘጋ የተስማማነውን ብቻ ቆጥሮ ተቀበለ። ጨምሬ ብሰጠው እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

እባካችሁ፣ ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ በተለይ፣ ይህን ልጅ ያዙት። ደግሜ እላለሁ፣ ያዙት። በማያውቁት ሰው እጅ መውደቅ ምን እንደሆነ ስላየሁ ነው። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ልስጥ ብዬ አስፈቅጄዋለሁ። የነቢያት ጾም ሳይገባ ደውሉለት፣ ከዚያ በኋላ ሰው ይበዛበታል። ወፍራም ልብስም ያዙ፣ ሌሊቱ ቀልድ አያውቅም።

ደግሞ በቅርቡ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ይንገረኝ። እናቴ ለባለቤቱ የሠራችው ሹራብ አለ፣ ያደርስልናል።