አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ወይስ ያገለገለ የድርጅት ላፕቶፕ?

"ቀላል፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ለሥራ የሚሆን ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ ምን ትመክረኛለህ?" ይህን ጥያቄ ጓደኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን ወደ ሁለት አጥብቦ ነው የሚመጣው። አንደኛው ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ዋጋ የሚገኝ ያገለገለ የድርጅት ላፕቶፕ፣ ማለትም የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ወይም የዴል ላቲትዩድ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያገለገለውን ግዙ። ምክንያቱን ግን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሱቅ ስትደርሱ የአዲሱ ካርቶን ያሸንፋችኋል።

የአዲሱ ማሽን ዋጋ የረከሰው ከምን ላይ ተቀንሶ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ውስጡ የምታገኙት ባለ ሁለት ኮር ሴሌሮን (የኢንቴል ርካሽ ፕሮሰሰር)፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ ነው። ኮር የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል ነው፤ ራም ደግሞ የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማከማቻ ነው። ኢኤምኤምሲ በርካሽ ስልኮችና ታብሌቶች ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ማከማቻ ነው፤ እንደ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ) ተነቅሎ አይቀየርም። ራሙም አብዛኛውን ጊዜ የተበየደ ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል። ማሽኑ ከካርቶኑ ሲወጣ ይህንኑ ትንሹን ብቻ ይዞ ነው፤ የሚጨመርበትም ቦታ የለውም። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ የዊንዶውስ ማሻሻያ የሚያወርድበት ቦታ እንኳ አጣ። ፋይል ሲሰርዝ፣ ፍላሽ ላይ ሲገለብጥ ከረመ። በመጨረሻ ማከማቻው ሲበላሽ ጥገና ቤቱ ማዘርቦርዱ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት አለው። የማዘርቦርዱ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ብዙም አይርቅም ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ያላችሁን በጀት 100 እጅ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ለማሽኑ ከ70 በላይ አታውጡ። ከቀሪው 30 ግማሹን ለኤስኤስዲ ወይም ለራም፣ ግማሹን ለባትሪ ያዙት። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ደክሞ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ ይህ የማይቀር ወጪ ነው። መቶውን በሙሉ ለሻጩ የሰጠ ሰው ባትሪ መግዣ ያጣና ቻርጀር እንደሰካ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ላፕቶፕ የመግዛቱ ትርጉም ጠፋ። ወጪውን በዓመትም አስሉት። በ100 የተገዛው አዲሱ ርካሽ ለሁለት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 50 ወጣበት ማለት ነው። ያገለገለው ከነእድሳቱ 100 ወጥቶበት ለአራት ዓመት ቢሠራ በዓመት 25 ነው። ከዚያ በኋላ እንኳ ኤስኤስዲው፣ ራሙና ስክሪኑ ለመለዋወጫ ይሸጣሉ። የተበየደውን ማን ይገዛዋል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም የተጻፈበት የአይ7 ተለጣፊ ነው። ሻጮች "አይ7 ነው" ብለው ዋጋ ይሰቅላሉ፣ ገዢውም አምኖ ይከፍላል። መታየት ያለበት ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር፣ ማለትም ትውልዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይ7-7500ዩ (7ኛ ትውልድ) ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ5-8250ዩ (8ኛ ትውልድ) ግን አራት ኮር አለው። ስለዚህ ባለ 8ኛ ትውልድ አይ5 አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሳለ ለ7ኛ ትውልድ አይ7 ተጨማሪ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በጣም ረክሶ ያገኛችሁት 7ኛ ትውልድ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ነፃ የሆነውን ሊኑክስ ሚንት ጭናችሁ ለመሥራት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ብቻ ግዙት።

ከማሽኖቹ ውስጥ እኔ የማስቀድመው ኤሊትቡክ 830 ጂ5ን ነው። ስክሪኑ 13.3 ኢንች፣ ክብደቱ 1.3 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። በ8 ጊጋባይት ገዝታችሁ አቅም ሲኖራችሁ ሌላ 8 ትጨምራላችሁ። በቻርጀር በኩልም ይበልጣል፤ በክቡ ቀዳዳም በዩኤስቢ-ሲም ይሞላል። ቲንክፓድ ኤክስ280 ከእሱ ይቀላል፣ ኪቦርዱም ለብዙ ጽሑፍ ይመቻል፤ ነገር ግን ራሙ የተበየደ ስለሆነ 8 ጊጋባይት ከገዛችሁ እስከ መጨረሻው 8 ነው። ቻርጅ የሚያደርገውም በዩኤስቢ-ሲ ብቻ ነው። ቀዳዳው ከመሰካትና ከመንቀል ብዛት ከላላ ብየዳ የሚችል እጅ ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ኤክስ280 የምትገዙ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ገመዱን በቀስታ አንቀሳቅሱት፤ የቻርጅ መብራቱ ከተቆራረጠ ተዉት። ላቲትዩድ 7390 በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ የራም ማስገቢያው አንድ ቢሆንም የሚነቀል ነው። ቲንክፓድ ቲ480 14 ኢንች ስለሆነ ከ"ትንሽ" ትንሽ ያልፋል፤ ነገር ግን የውጩ ባትሪው ማሽኑ ሳይጠፋ ስለሚቀየር መብራት በሌለበት ቦታ ለሚውል ሰው እሱን እመርጥለታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአፕል ማክቡክ ኤር ኤም1ስ? ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ማራገቢያ ስለሌለው ድምፅ የለውም፤ በጣም ጥሩ ማሽን ነው። ዋጋው ግን ከላይ ካልኳቸው ይርቃል፣ ራሙም ማከማቻውም የተበየደ ነው። የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ ካላላቀቀው ደግሞ ልትጠቀሙበት አትችሉም።

የመቆለፍ ነገር የዊንዶውስ ማሽኖችንም ይመለከታል። ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መቆጣጠሪያ) ግቡ፤ የሚጫነው ቁልፍ በኤሊትቡክ ኤፍ10፣ በቲንክፓድ ኤፍ1፣ በላቲትዩድ ኤፍ2 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀ፣ ሻጩ "እናስከፍትልሃለን" ቢልም አትግዙ። ዊንዶውስ አዲስ ተጭኖ ከኢንተርኔት ሲገናኝም የአንድ ድርጅት ስም አውጥቶ የሠራተኛ አካውንት ከጠየቀ ማሽኑ አሁንም በድርጅቱ ስም የተመዘገበ ነው። ቀጥሎ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አስወጡ። "ዲዛይን ካፓሲቲ" ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ "ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ" አሁን የቀረው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከመሸጫው ላይ ይቀነስላችሁ። በእጃችሁ ፍላሽ ላይ ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ፕሮግራም ይዛችሁ ሂዱ፤ ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራችኋል።

ባትሪ ስትቀይሩ የኮፒ ባትሪ ይጠብቃችኋል። ተለጣፊው ከኦሪጂናሉ ጋር ይመሳሰላል፣ ዋጋው ግማሽ ነው፣ 40 በመቶ ላይ ሳለ ማሽኑን ድንገት ያጠፋዋል። ከሁሉ የከፋው ማበጡ ነው፤ ሲያብጥ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። እንዲህ ካያችሁ ቻርጅ ማድረጋችሁን አቁሙና አስወጡት። ዋስትና በጽሑፍ ከማይሰጥ ሰው ባትሪ አልገዛም።

ወደ ሶፍትዌር ስንመጣ ለዊንዶውስ ብቻ ብላችሁ አትክፈሉ። የእነዚህ ማሽኖች የዊንዶውስ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ባዮሳቸው ውስጥ ተቀምጦ ስለሚመጣ ትክክለኛውን እትም ስትጭኑ ራሱ ያገኘዋል። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ኦፊስና ያለ ፈቃድ የሚያስከፍት አክቲቬተር ግን ከማሽናችሁ አርቁ። ሬድላይን የተባለው ፓስወርድ ሰራቂ ቫይረስ በብዛት የተሠራጨው በእንዲህ ያሉ ክራኮች ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድ ሁሉ ይወስዳል። ለደብዳቤ፣ ለሪፖርትና ለተራ ሠንጠረዥ ነፃው ሊብሬኦፊስ ይበቃል። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም) የበዛበት የኤክሴል ፋይል ከመሥሪያ ቤት የሚላክላችሁ ከሆነ ግን ኦፊሱን በሕጋዊ መንገድ ግዙት፤ ሊብሬኦፊስ እዚያ ላይ ያስቸግራል። በሊብሬኦፊስ የሠራችሁትን ስትልኩ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ አሰላለፉ አይበላሽም። ፒዲኤፍ ለማንበብ ሱማትራፒዲኤፍ እጅግ ቀላል ነው። ለፓስወርድ ኪፓስኤክስሲ፣ ለታመቁ ፋይሎች ሰቨንዚፕ፣ በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ኪማን፤ ሁሉም በነፃ ናቸው።

በዚህ የተረፈውን ገንዘብ ለመጠባበቂያ ውጫዊ ኤስኤስዲ አውሉት። "2 ቴራ" (2 ቴራባይት) ተብሎ በ256 ጊጋባይት ዋጋ ከሚሸጠው ተጠንቀቁ። ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ሆኖ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ አቅሙ ሲሞላ የምትጨምሩት ፋይል ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ አስጀምሩት፣ ውጤቱ ንጹሕ ካልሆነ ደረሰኙን ይዛችሁ በማግስቱ መልሱት።