ጎማው ላይ ያለው «16» የእኛ 2016 አይደለም፦ ለመስክ መኪና ትልልቅ ጎማ ለምትገዙ ሁሉ

በወሎ ወደ ደላንታ፣ ወደ ተንታ፣ ወደ ቦረና የምትመላለሱ የመስክ መኪና ባለቤቶችና ሾፌሮች፣ ትልልቅ ጎማ ልትገዙ ካሰባችሁ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በጥቅምት 2017 ደሴ ላይ አራት ጎማ ገዛሁ። በመጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ባራሰበት ሰሞን፣ ወደ ወገል ጤና ስሄድ በበሽሎ ቁልቁለት ላይ የኋላው ግራ ጎማ ጎኑ ተተርትሮ ፈነዳ። መኪናው ውስጥ ከእኔ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ፈጣሪ ይመስገን፣ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል ነበርን፤ ማንም አልተጎዳም። ግን ያ ቀን ከዓይኔ አልጠፋም።

ግዢው እንዲህ ነበር። መኪናዬ ቶዮታ ፕራዶ ነው፤ የፋብሪካ ጎማው 265/70R16 ይባላል፤ ስፋቱ 265 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው። ለድንጋያማው መንገድ ከፍ ያለና ጥርሱ ጠንከር ያለ ኦል ቴሬን የሚሉትን፣ ለሁሉም ዓይነት መንገድ የሚሆን ጎማ ፈለግሁ። አንድ ደላላ ወደ አንድ ሱቅ ወሰደኝ። ሻጩ 285/75R16 አወጣልኝ፤ ከሌሎቹ ሱቆች በእያንዳንዱ ጎማ 4,000 ብር ያነሰ ዋጋ ጠራ። ጎማው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ጥልቅ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ የሚቀሩት ፀጉር መሳይ የላስቲክ ክሮች እንኳ ያልረገፉ ነበር። መቼ እንደተመረተ ስጠይቀው ጎኑ ላይ ያለውን 2816 የሚል ቁጥር በጣቱ አሳየኝና «አብሽር ወንድሜ፣ 2016 ነው፤ ገና ዓመትም አልሞላው» አለኝ። ዘመኑ 2017 ነበርና ልቤ አረፈ።

ከፈነዳ በኋላ ጎማውን ያየው ጎሚስታ ነው እውነቱን የነገረኝ። ጭቃውን በጨርቅ ጠረገና ቁጥሩን አነበበ፤ ከዚያም ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይህ እኮ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው» አለኝ። ለጥቂት ጊዜ ቃል አጥቼ ቆምኩ።

ይህን በደንብ ያዙልኝ። ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) በሚሉት የላቲን ፊደላት በሚጀምረው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ዓመቱም የጎርጎርዮሳውያን ነው። 2816 ማለት የ2016 እ.ኤ.አ. 28ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ሐምሌ 2008 መሆኑ ነው። እኔ የዓመት ዕድሜ እንኳ የለውም ብዬ የገዛሁት ጎማ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ በየትኛው መጋዘን፣ በምን ዓይነት ሙቀት እንደቆየ ማን ያውቃል። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ ሙቀትና አየር ያደርቁታል፣ ያጠነክሩታል፣ ውስጡን ያሰነጥቁታል። ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ ከተመረተ ስድስት ዓመት ሲሞላው ጥርሱ ባያልቅም እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ከጎማ አምራቾቹ መካከልም አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ሲሞላው ያለ ምንም ክርክር እንዲወገድ የሚሉ አሉ። ያልተነዳ ጎማና አዲስ ጎማ አንድ አይደሉም። ሻጩ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ነውና ስህተቱ በቀላሉ ይይዘናል።

ምልክቱን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር፤ አላስተዋልኩትም። በኅዳር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ካፊያ ነበረ፣ ጉሙም ወርዶ ነበር። ፍሬን ስይዝ መኪናው ከወትሮው በላይ ተንሸራተተ። መንገዱ ነው ብዬ አለፍኩት። የደረቀ ላስቲክ እርጥብ አስፋልት እንደማይቆነጥጥ ያን ጊዜ ቢገባኝ ኖሮ በሽሎ ድረስ አልሄድበትም ነበር።

ያ ረጅም ጽሑፍ ከነቀኑ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው። ከተገጠመ በኋላ ቀኑ ወደ ውስጥ፣ ወደ መኪናው ሆድ ዞሮ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ለማንበብ ከሥር መግባት ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ ቸርኬው ላይ ሳይወጣ፣ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ ከተቀያሪው ጋር አምስቱንም አንድ በአንድ አንብቡ። አንዱን አዲስ አሳይቶ ሌሎቹን አሮጌ የሚሰጥ አለ። የሚያብረቀርቀውን ቅባት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጎኑን በእጃችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ተመልከቱ፤ እንደ በጋ ዋልካ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ትታችሁት ውጡ።

ጎሚስታው ስለ ዕድሜው ነግሮኝ አላበቃም፤ ስለ ልኩም ነገረኝ፤ እኔም ቤት ገብቼ አሰላሁት። የፋብሪካው ጎማ ከላይ እስከ ታች 777 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 285/75R16 ደግሞ 834 ሚሊሜትር። ልዩነቱ ሰባት በመቶ ያህል ነው። መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው ግን በግማሹ፣ በ28 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከአውራ ጣት ስፋት እምብዛም አይበልጥም። ለዚያች ጣት የከፈልኩትን ልንገራችሁ። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው በ86 ይሄዳል። ዳገት ላይ ማርሹ ሁሉ የከበደው ይመስላል፤ ሁለተኛ ይወጣው የነበረውን አሁን አንደኛ ይጠይቃል። ጎማው ከባድ ነውና ፍሬኑም ይለፋል። መሪውን እስከ መጨረሻ ሳዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈገፍጋል። በዚያ ላይ ይህ ልክ ቢያንስ ሰባት ተኩል ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ የእኔ ሰባት ነው። ሻጩ ቸርኬውን ለክቶ ማየት ቀርቶ አልጠየቀኝም።

መኪናችሁን በኪሎ ሜትር ሒሳብ የምታከራዩ ደግሞ ይህን አስተውሉ። ቆጣሪው 1,000 ሲል በእውነት የሄዳችሁት 1,073 ያህል ነው። እኔ አምስት ወር ሙሉ ከእያንዳንዱ ሺህ ሰባ ኪሎ ሜትር በነፃ ስነዳ ከርሜያለሁ፤ ነዳጁ ግን የእኔ ነበር።

ሌላው በደል ተቀያሪ ጎማ ነው። አራት ገዛሁ፤ አምስተኛው አሮጌው ትንሹ ሆኖ ቀረ። ፕራዶዬ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነው። በሽሎ ላይ ትንሹን ገጥሜ ስጓዝ፣ ልካቸው የማይመሳሰል ጎማዎች ዲፈረንሻሉን፣ ማለትም የጎማዎቹን የፍጥነት ልዩነት የሚያስማማውን ጥርስ፣ ያለ ዕረፍት ስለሚያሠሩት፣ ወገል ጤና እስክደርስ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነበር የተንፏቀቅሁት። ልክ ከቀየራችሁ አምስት ግዙ፤ ለአምስት ካልበቃችሁ ልክ አትቀይሩ።

ሰፊ ጎማ ሁሉ ከጭቃ ያወጣል የሚለውንም አትመኑ። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ በኩል ላለው አሸዋ ሰፊው፣ በውስጡ ያለው አየር ሲቀነስ፣ በእርግጥ ይረዳል። የደጋው ዋልካ ግን ሌላ ነው። ጭቃው ጥርሱን ሲሞላው ሰፊው ጎማ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠበብ ያለውና ረዘም ያለው ግን ቆርጦ ገብቶ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል። የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች በቀጭኗ 7.50R16 የወሎን ተራራ ሁሉ የወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ «አይተህ፣ ወደህ ነው የወሰድከው፤ ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። የለኝም። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ሲለኝ ተስማምቼ ነበር፤ ጥፋቴ ይህ ነው፣ አልክደውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ነገር ግን ከማን ምን እንደገዛሁ የማሳይበት ወረቀት ሳይኖረኝ የት ሄጄ ምን ልበል? ደረሰኝ ውሰዱ፤ ደረሰኙ ላይም የጎማው ልክና አራቱ አሃዞች እንዲጻፉ አድርጉ። ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚለወጥ ሻጭ መልሱን ነግሯችኋል።

በሚያዝያ አምስት 235/85R16 ገዛሁ። ቁመቱ 806 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ሰባት ኢንች ቸርኬ ላይ ይቀመጣል፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙሬ አየሁት፤ የትም አይነካም። ቁጥሩ 4124 ይላል፤ በእኛ የመስከረም 2017 መጨረሻ መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ ራሴ ነኝ ያሰላሁት።

ከአሮጌዎቹ ሦስቱ ግቢዬ ውስጥ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ያው ደላላ መጥቶ «ጥርሳቸው ደህና ነው፣ ገዢ አለኝ» አለኝ። እሱን ሸኝቼ መጋዝ አመጣሁና የሦስቱንም ጎን ቆረጥኩት።