ቤንዚን፣ ቆጣሪ ወይስ ሶላር? ጅማ ላይ መኪና ለሚገዛ ሰው

ባለፈው ወር የእህቴ ባል አንድ ጥያቄ ይዞ ቤት መጣ። ያጠራቀማት ገንዘብ አለች። ያገለገለች የቤንዚን ሱዙኪ ዲዛየር ልግዛ ወይስ ኤሌክትሪኳን ቢዋይዲ ሲጋል? በዚያ ላይ ሶላር የሚገጥም ሰው «ጣሪያህ ላይ ፓኔል ካስገባህ መኪናህን በነጻ ትነዳለህ» ብሎታል። ቡና እየተፈላ ወረቀት አውጥተን ተቀመጥን። እዚህ የምጽፈው ያን ዕለት የሠራነውን ሂሳብ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ጅማ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ኤሌክትሪኳ መኪና ቤንዚኗን በሰፊው ትበልጣለች። ሶላሩ ግን ለብዙዎቻችን የመጀመሪያ ወጪ መሆን የለበትም።

የወር ወጪ

እሱ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሱቁ ይውላል፣ አንዳንዴ እስከ ጅረን ይወጣል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን ብንል 1,000 ኪሎ ሜትር ነው።

ዲዛየር ቆጣቢ መኪና ናት። ሆኖም በባጃጅ መሀል እየቆመች እየተነሳች ለ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር ያህል ትጠጣለች። በወር 65 ሊትር ማለት ነው። በጥር 2017 አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 101.47 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የማጓጓዣው አለ። ቤንዚኑን እንዳልበድል ግን በዚያው በድሮው ዋጋ አሰላሁት። 6,595 ብር መጣ። ይህም ማደያው ላይ ከተገኘ ነው። ቤንዚን ጠፍቶ መንገድ ዳር በሃይላንድ የገዛ ሰው የቀረውን ያውቀዋል።

ሲጋል ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥረው የመብራት መለኪያ) ብትፈጅ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምረን 17 እንበል። በወር 170 ይሆናል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ ጭማሪውም ለአራት ዓመት የታቀደ ነው። ብዙ የሚጠቀም ቤት ደግሞ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይልበታል። መኪናው ሲጨመር የቤታችሁ ፍጆታ ወደ ላይኛው እርከን መውጣቱን አትርሱ። እኛ ለሂሳቡ 5 ብር ያዝን። 850 ብር ሆነ። «ታሪፉ እጥፍ ቢሆንስ?» አለኝ። 10 ብር ቢገባ እንኳ 1,700 ነው። በ5 ብሩ ስናየው በዓመት ወደ 69,000 ብር ልዩነት አለው።

ሰርቪሱም ይለያያል። ዲዛየሯ በየጊዜው ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ ትፈልጋለች፣ ፍሪሲዮንም አላት። ኤሌክትሪኳ ጋ እነዚህ የሉም። ፍሬኗም ቶሎ አያልቅም፣ ምክንያቱም እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ባትሪውን ይሞላል። ጎማ ግን ትበላለች፣ ከባድ ናት። ባትሪዋ ደግሞ ከሥር ነው ያለው። ኮብልስቶኑ በተነቃቀለበት ሰፈር፣ ክረምት ላይ ድንጋዩ በጭቃ ተሸፍኖ በማይታይበት መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ሥሯ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል አይታችሁ የቤታችሁን መግቢያ ለኩት።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች በአብዛኛው ቀድመው የገቡት ናቸው፣ ስትሸጧቸውም ቶሎ ገዢ ያገኛሉ። ይህ የዲዛየር እውነተኛ ጥቅም ነው።

አዲስ አበባ የሚመላለስ ከሆነስ?

እዚህ ላይ ሚዛኑ ይቀየራል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትንሹ የሲጋል ባትሪ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር ይባልለታል። ትልቁ 38.9 ሲሆን 405 ይባልለታል። በእኛ ዳገትና ፍጥነት ሁለቱም ከዚያ በታች ናቸው። ጊቤ በረሃ ወርዶ እስከ ወልቂጤ መውጣት ብቻ 800 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። ሰው የጫነች ትንሽ መኪና ለዚያ ዳገት ብቻ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ትከፍላለች፣ የትንሹን ባትሪ አንድ አሥረኛ። ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። በየሳምንቱ አዲስ አበባ የምትወጡ ከሆነ እኔ ትንሿን ሲጋል አልመክርም። ወይ ትልቅ ባትሪ ያላት ሌላ መኪና፣ ወይ ዲዛየር።

የሶላሩ ጉዳይ

ባለ 550 ዋት ፓኔል ስድስት ብትሰቅሉ 3.3 ኪሎዋት ነው። ቆርቆሮው ላይ ወደ 16 ካሬ ሜትር ይይዛል። በበጋ ጥሩ ቀን 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ሐምሌ ላይ ደመናው ሳይገለጥ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ያኔ 8ም ካገኛችሁ ደግ ነው። የእህቴ ባል በቀን 7 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚበቃው መጠኑ አያንሰውም።

የሚያንሰው ሰዓቱ ነው። ፀሐይ በምትከርበት ሰዓት መኪናው መርካቶ ቆሟል። ማታ ቤት ሲገባ ፓኔሉ ተኝቷል። የቀኑን ኃይል ለማታ ለማቆየት ማከማቻ ባትሪ ያስፈልጋል፣ ከፓኔሎቹ ይልቅ ኪስ የሚጎዳው ደግሞ እሱ ነው። አስገብቶ ማውጣቱም የራሱ ብክነት አለው።

ሶላር የሚሸጠው ሰው ሂሳቡን ከቤንዚን ጋር ነው የሚያሳያችሁ። ቤንዚኑን የተዋችሁት ግን መኪናዋን የገዛችሁ ቀን ነው። ፓኔሉ የሚተካው የቆጣሪውን ኃይል ነው፣ ያ ደግሞ ርካሽ ነው። በአማካይ በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት አመንጭቶ ሁሉንም ብትጠቀሙበት እንኳ በ5 ብር ሂሳብ በዓመት የሚያድናችሁ 18,000 ብር ገደማ ነው። የተሰጣችሁን ዋጋ ለዚህ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ገንዘባችሁ የሚመለስበት ዓመት ነው። የእህቴ ባል አካፍሎ ሲጨርስ ስኒውን አስቀምጦ ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለ።

የሚያዋጣው ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ፔንሲዮን ያለው፣ ሱቁ ግቢው ውስጥ የሆነ፣ ቀን ላይ መኪናው ቤት የሚውልለት ሰው ያዋጣዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁ የሚበላሽበትም እንደዚያው። አጋሮ መስመር ላይ ገባ ብሎ፣ ሽቦ በማይደርስበት ቦታ የቡና ማሳ ላለው ሰው ደግሞ ጥያቄም የለው።

ለሚገጥሙት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ግቢያችሁ ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ ካለ ጥላው በየሰዓቱ የት እንደሚያርፍ እዩ። በተከታታይ ከተያያዙት ፓኔሎች አንዱ ላይ ያረፈ ጥላ የሌሎቹንም ኃይል ያወርዳል። ሁለተኛ፣ ደመና ሲያልፍ ጉድለቱን ከመስመር የሚሞላ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለቤት ወደሚሆን መብራት የሚቀይር ሣጥን) ጠይቁ፣ አለዚያ ቻርጁ ሲቋረጥ ሲጀምር ይውላል።

ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይግባ?

ሽቦው ላይ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። የመኪናዋ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፒር 2.2 ብቻ ነው። «ምጣድ የቻለ ቤት መኪና ያቅተዋል?» ብዬ እኔም አስቤ ነበር። ምጣዱ ግን ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይነቀላል። መኪናዋ ባትሪዋ ብዙ ከጎደለ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጥ ትስባለች። የተዋስኩትን መኪና ሳሎን ባለው ሶኬት ሰክቼ ያደርኩ ጊዜ ሌሊት የፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። የሶኬቱ አፍ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ከጀርባው ያለው ሽቦ 1.5 ሚሊ ነበር፣ ለአምፖል የሚዘረጋው ዓይነት።

ከቆጣሪው ሳጥን ተነስቶ ለመኪናዋ ብቻ የሚሄድ 4 ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል መሬት የገባ ኧርዝ አስደርጉ። ይህ ከሶላሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ያን ሳታደርጉ ለመኪናዋ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ቢቻል መኪናዋንም ለአንድ ቀን ጠይቁ። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሰክታችሁ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ነቅላችሁ የሶኬቱን ፊት በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኤሌክትሪሺያኑን መልሳችሁ ጥሩት።