የካርቡራተር ጥገና ኪት፦ ላስቲኩን ግጠሙ፣ ናሱን መርምሩ

በትንሽ ፌስታል ታሽጎ፣ የአምራች ስም ሳይኖረው፣ ለአምስትና ስድስት ዓይነት ሞተር ሳይክል ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው የካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚያቀርበው ክፍል) ጥገና ኪት፣ ለዓመታት ቆሞ ለነበረ አሮጌ ሞተር ሳይክል ከሁሉ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው። መግዛቱ ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከፌስታሉ የወጣው ሁሉ እንዳለ ሲገጠም ነው። ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ በዝግታ መዞር) አልይዝ ያለው ሞተር ከ“ጥገናው” በኋላ ብሶበት የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ነዳጅ ሲሰጥ የሚወጣና የሚወርድ ቫልቭ ላለው ተራ ካርቡራተር የተሠራው ኪት ውስጥ የቤንዚን ገንዳው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ጥቂት ኦሪንጎች (የላስቲክ ቀለበቶች)፣ ገንዳው ሲሞላ ቤንዚኑን የሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ፣ ዋናው ጂግለር (ቤንዚን መጥኖ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው የናስ ቁራጭ)፣ የሚኒሞ ጂግለር፣ የድብልቅ ማስተካከያው ቪቴ (ብሎን) ከነሞላውና ከነሮንዴላው፣ እንዲሁም ከቫልቩ ጋር የሚንቀሳቀሰው ረጅም መርፌ አሉ።

ገንዘቡን የሚያወጣው ላስቲኩ ነው። አሮጌ ኦሪንግ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፤ ጠፍጥፎ ይቀራል፤ በጎኑ አየር ያስገባል። አዲሱን ከመግጠም በፊት ግን አንዱን በካሊፐር ለክታችሁ ቤንዚን ውስጥ አሳድሩትና ደግማችሁ ለኩት። በጥቂቱ ማበጡ ምንም አይደለም። ቦዩ ውስጥ አልገባ እስኪል ካበጠ ግን ቤንዚን የማይችል ላስቲክ ነውና አትግጠሙት። የማጽጃ ስፕሬይም ላስቲክ ስለሚጎዳ፣ የሚነፋው ላስቲኩ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ዓይን ላይ መነጽር ይደረግ።

የተንሳፋፊው መርፌ ጫፉ ላይ ላስቲክ ያለበት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ጥገና ነው። መርፌው የሚያርፍበትን ናስ አብዛኞቹ ኪቶች አይዙም፤ በብዙ ካርቡራተሮችም ተጠቅጥቆ የገባ ስለሆነ አይፈታም። በጥጥ ጫፍና በብረት መወልወያ ቅባት ቀስ ብላችሁ አጽዱት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ካርቡራተሩን ገልብጣችሁ በቤንዚን መግቢያው በኩል በቀጭን ቱቦ ንፉ። በተንሳፋፊው ክብደት ብቻ አየሩ መቆም አለበት፤ ቀና ሲደረግ ደግሞ በነፃነት ማለፍ አለበት። ይህን ያላለፈ መርፌ ቤንዚን ያስፈስሳል፤ ቤንዚኑም በሲሊንደሩ አልፎ ዘይት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ።

አሁን ወደ ናሱ። የኪቱን የሚኒሞ ጂግለርና የድሮውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። የድሮው ላይ ቁጥሩ በግልጽ ተቀርጿል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ንጹሕ ነው፤ በጎኑ ያሉት ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎችም እኩል ተደርድረዋል። የርካሹ ኪት ጂግለር አንዳንዴ ጭራሽ ቁጥር የለውም፤ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ የመብሻው ፍርፋሪ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ የጎን ቀዳዳዎቹም በቁጥር ያንሳሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 0.38 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት ቀዳዳ 0.40 ከሆነ ስፋቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሯል ማለት ነው፤ ሚኒሞ ላይ ደግሞ ቤንዚኑ በሙሉ የሚያልፈው በዚህች ቀዳዳ ነው። ቁጥር ቢኖረውም የካርቡራተር አምራቾቹ የኬይሂንና የሚኩኒ አቆጣጠር አንድ ስላልሆነ፣ የአንዱን ቁጥር በሌላው መተካት አይቻልም።

ስለዚህ የድሮው ጂግለር ካልተቦረቦረ ወይም ራሱ ካልተላጠ አጽድታችሁ መልሱት። ማጽጃ ውስጥ አሳድሩት፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር አሳልፉበት፤ ከዚያ በኮምፕረሰር ንፉት። የብረት ሽቦ ወይም መብሻ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ወደ ብርሃን ሲያዩት ፍጹም ክብ ካልታየ ቆሻሻው አልወጣም። ረጅሙን መርፌና ዋናውን ጂግለር በተመለከተም ፍርዱ ያው ነው፤ ለማንኛውም ሁለቱ የሚኒሞ ጉዳይ አይደሉም።

የድብልቅ ቪቴው የራሱ ጣጣ አለው። የኪቱ ቪቴ ጫፍ ከድሮው ይልቅ ደንዘዝ ያለ ከሆነ በሞተር ሳይክሉ የጥገና መጽሐፍ የተጻፈው የዙር ቁጥር አይሠራም። አገጣጠሙ መጀመሪያ ሞላው፣ ቀጥሎ ሮንዴላው፣ ጫፉ ላይ ኦሪንጉ ነው። የድሮው ኦሪንግ ጉድጓዱ ሥር ተጣብቆ ስለሚቀር በባትሪ ብርሃን አይታችሁ አውጡት፤ ሁለት ተደርቦ ከተጠበቀ ማስተካከያው ትርጉም ያጣል። ቪቴውን ቀስ አድርጋችሁ እስኪያርፍ ዝጉና አንድ ዙር ተኩል ክፈቱ። በኃይል ከተጠበቀ ጫፉ ተሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ ካርቡራተሩ ራሱ ሊጣል ነው።

ሞተሩ 10 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ቪቴውን ሩብ ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሞተሩ ከሁሉ ፈጥኖ የሚዞርበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከዚያ ፍጥነቱን በሌላው፣ የሚኒሞውን ፍጥነት በሚያስተካክለው ቪቴ አውርዱ፤ ይህንኑ አንድ ጊዜ ድገሙት። ቪቴው ከቫልቩ ወደ ሞተሩ በኩል ካለ ቤንዚን ይቆጣጠራል፤ ሲከፈት ድብልቁ ይወፍራል። ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ካለ አየር ይቆጣጠራል፤ ሲከፈት ይቀጥናል። ጥሩው ቦታ ከሦስት ሩብ ዙር በታች ወይም ከሦስት ዙር በላይ ከሆነ የጂግለሩ መጠን ትክክል አይደለም።

ኪቱ ያጎደለው አንድ ትልቅ ነገር በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ኦሪንግ ነው። ነዳጅ ለቃችሁት ሞተሩ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ጂግለር ከመቀየራችሁ በፊት እዚያ ጋ አየር እንደሚገባ ጠርጥሩ። ለብቻው ግዙት፤ የካርቡራተሩን ጠርዝም በወፍራም መስታወት ላይ በተነጠፈ ቀጭን የአሸዋ ወረቀት አስተካክሉ፤ ከልክ በላይ በመጠበቅ የተጣመመ ጠርዝን አዲስ ኦሪንግ ብቻውን አይደፍነውም።

ለመግዛት ስትሄዱ የሞተር ሳይክሉን ስም ብቻ አትያዙ። የካርቡራተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የሁለቱን ጂግለሮች ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ።