የሲሼልስ ደሴቶች በጥቅል ጉዞ ከድሬዳዋ፦ ሌሊቶቹ የት ይታደሩ?

በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ካሉት የጉዞ ወኪል ቢሮዎች አንዱ ሦስት የሲሼልስ ደሴቶችን በአንድ ክፍያ የሚያስጎበኝ ጥቅል ጉዞ ይሸጣል። ባለፈው ነሐሴ ከአጎቴ ጋር ሆኜ በዚሁ ጥቅል ተጉዣለሁ። የቢሮውን ስም ባልጠቅስም አገልግሎቱን በዝርዝር ልገመግም የወደድሁት፣ ጥቅሉን ለመግዛት የሚያስቡ የከተማችን ሰዎች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ ስላለ ነው፤ እሱም ሌሊቶቹ በደሴቶቹ መካከል የተከፋፈሉበት መንገድ ነው።

ሲሼልስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 115 ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፣ ጥቅሉ የሚያካትተው ዋናዎቹን ሦስቱን፣ ማለትም ማሄን፣ ፕራሊንንና ላ ዲግን ነው። ቢሮው መጀመሪያ ያቀረበልን መርሐ ግብር ሌሊቶቹን ሁሉ ማሄ ላይ አድርጎ፣ ሁለቱን ሌሎች ደሴቶች በጠዋት ሄዶ በማታ መመለስ እንዲጎበኙ የሚያደርግ ነበር። ዋጋው በዚህ መልክ ቀለል ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከማሄ ፕራሊን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከፕራሊን ላ ዲግ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚህ ላይ ወደቡ ላይ የሚጠበቀው ጊዜ ሲጨመር፣ ላ ዲግን ከማሄ እየተመላለሰ የሚያይ ሰው የቀኑን ትልቁን ክፍል ለባሕሩና ለወደቡ ይሰጠዋል። አከፋፈሉ እንዲለወጥልን ስንጠይቅ ጉዳያችንን የያዘችው ሠራተኛ ሳትሰለች እንደገና ሠራችልን፤ የአገልግሎት ክፍያም አልጨመረችም። ለእኔ የዚህ ቢሮ ትልቁ ምስጋና እዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ያልጠየቀ ደንበኛ በመጀመሪያው መርሐ ግብር ይሄድ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

በወረቀት ሥራ በኩል የሚወጣለት እንከን የለም። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ወደ ሲሼልስ ለመሄድ አስቀድሞ ቪዛ ማስመታት ባይጠበቅበትም፣ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የማረፊያ ማረጋገጫና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሊኖረው ይገባል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ እንዳለበት ቢሮው በጊዜው አስታውሶናል፤ ፈቃዱንም ራሱ ሞልቶ አትሞ ሰጥቶናል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከቦሌም በቀጥታ ማሄ በሚያደርሰው በረራ ላይ ትኬቶቹ ስለተያያዙ ሻንጣችንን ያገኘነው ማሄ ስንደርስ ነው።

ቢሮው ጨርሶ ያላሰበበት ጉዳይ ነፋሱ ነው። በእነዚያ ደሴቶች ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ የሰሜን ምዕራቡ ነፋስና ብዙው ዝናብ የሚመጣው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ባሕሩ ረጋ የሚለው በሚያዝያና በኅዳር ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ልጆች ትምህርት ሲዘጉለት በክረምት መጓዝ ይቀናዋል፤ ይህም በትክክል ነፋሱ የሚበረታበት ወቅት ነው። ከማሄ ወደ ፕራሊን ስንሻገር ጀልባው ከማዕበል ማዕበል እየዘለለ ስለሄደ ከተሳፋሪው ብዙው ያስመልሰው ነበር፤ የመርከቡ ሠራተኞችም የወረቀት ከረጢት እያደሉ ሲመላለሱ ነበር። በባሕር ጉዞ ላልተለማመደ ሰው የማቅለሽለሽ መከላከያ ኪኒን ከመሳፈሩ በፊት እንዲወስድና በጀልባው የኋላ ክፍል እንዲቀመጥ መንገር ለቢሮው ምንም ወጪ የሌለው ምክር ነበር። ከዚህ ይልቅ ያስከፋኝ ግን የማረፊያው ምርጫ ነው። ፕራሊን ላይ የተያዘልን የእንግዳ ማረፊያ የሚገኘው ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታው ዳርቻ ስለነበር አሸዋው በባሕር ሣር ተሸፍኖ አገኘነው፤ በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ያለው አንስ ላዚዮ የተባለው የባሕር ዳርቻ በዚያው ቀን ውኃው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ወቅቱን አይቶ ማረፊያ የሚመርጥ ወኪል ይህን ስሕተት አይሠራም።

ስለ ፕራሊን ሳነሣ ቫሌ ደ ሜን ሳልናገር አላልፍም። ይህ የዘንባባ ደን 20 ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በተፈጥሮው በፕራሊንና በጎረቤቷ በኩሪዩስ ደሴት ብቻ የሚበቅለው ኮኮ ደ ሜር የተባለው ዘንባባ ዋና መኖሪያው ነው። ፍሬው በዓለም ካሉት የዕፅዋት ዘሮች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ አንዱ ዘር እስከ 25 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ለመብሰልም ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ደኑ ውስጥ ሳለን ድንገት ካፊያ ወረደ። በዚያን ጊዜ ያየሁት ነገር ለጉዞው ከከፈልሁት ሁሉ ይበልጥብኛል፦ ዝናቡ በሰፊዎቹ ቅጠሎች ላይ ተሰብስቦ፣ እንደ አሸንዳ ጎድጎድ ባለው አገዳቸው እየተንቆረቆረ ወደ ግንዱ ሥር ሲፈስስ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው መሬት ገና በወጉ አልራሰም ነበር። ዛፉ ለራሱ ውኃ የሚያጠጣው በዚህ መንገድ መሆኑን አስጎብኚያችን በእጁ እየነካ አሳየን። የመግቢያው ገንዘብ የት እንደሚውል መታወቁም ደስ ያሰኛል፤ ደኑን የሚያስተዳድረው ድርጅት ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘውን፣ ግዙፍ ኤሊዎች የሚኖሩባትን የአልዳብራን ደሴትም ስለሚያስተዳድር፣ ከዚህ የሚገኘው ገቢ ለዚያች ጥበቃ ይረዳል። በጀጎል ግንብ ጉዳይ ለሚጨነቅ የሐረር ሰው ይህ አሠራር ቀርቦ ሊታይ የሚገባው ነው። ቅሬታዬ ከቢሮው ጋር ነው፤ በውላችን ላይ «መግቢያን ያካትታል» ተብሎ ተጽፎ ሳለ በሩ ላይ ከኪሳችን ከፍለን ገብተናል። ከተመለስን በኋላ ደረሰኙን ይዘን ስንሄድ ገንዘቡን መልሰውልናል፤ ደረሰኝ ላልያዘ ደንበኛ ግን ይህ ባልሆነ ነበር።

ላ ዲግ ከሦስቱ ትንሿ ናት፤ ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ጥቂት ስለሆነ ነዋሪውም እንግዳውም የሚሄደው በብስክሌት ነው፤ ድሬ ሜዳ ላይ ያደገው አጎቴ በዕድሜው ሳይገታ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሏል። አንስ ሱርስ ዳርዣን የተባለው የባሕር ዳርቻ ዝናው የወጣው በግራናይት ድንጋዮቹ ነው፤ የባቢሌን የዳካታ ድንጋዮች የሚያውቅ ሰው ያንኑ ዓይነት ድንጋይ ባሕር ውስጥ ቆሞ እንደሚያይ ይቁጠረው። እዚያ የሚታደርበት ምክንያትም ይህ ነው፤ የቀን ጎብኚዎች በመጨረሻው ጀልባ ከሄዱ በኋላ ዳርቻው ላይ የሚቀረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የማረፊያችን ባለቤት ክሪዮል፣ ማለትም ከፈረንሳይኛ የተወለደውን የአገሩን ቋንቋ ስትናገር፣ በምድር ባቡር ሲሠራ ፈረንሳይኛ የለመደው አጎቴ ቀስ እያለች ከተናገረችለት አብዛኛውን ይረዳ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ምሽቱን በጨዋታ አሳለፍን።

ማሄ ላይ ዋና ከተማዋን ቪክቶሪያንና ገበያዋን ለማየት አንድ ቀን ይበቃል። ምግቡ ዓሣና ኦክቶፐስ በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ ይበዛበታል፤ ለጿሚ ምስርና ሩዝ አይጠፋም፤ ሙስሊም መንገደኛም ቪክቶሪያ ውስጥ መስጊድ ያገኛል። ሙቀቱ ከድሬዳዋ ባይበልጥም ወበቁ ስለሚከብድ ሳሳ ያለ ልብስ መያዝ ይሻላል።

ጥቅሉን የሚገዛ ሰው ቢያንስ ሁለት ሌሊት ፕራሊን፣ ሁለት ሌሊት ላ ዲግ፣ የቀረውን ማሄ እንዲሆንለት አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባ፤ የመግቢያ ክፍያዎችንም በስም በስማቸው በውሉ ላይ ያስዘርዝር። የዓመት ዕረፍቱ ከተመቸው ኅዳርን ይምረጥ፤ በክረምት ለመሄድ የሚገደድ ከሆነ ደግሞ የፕራሊን ማረፊያው በሰሜን ምዕራቡ በኩል እንዲያዝለት ይጠይቅ። ቢሮው ሲጠየቅ ያደርጋል።